ተቆጥሮ ያልተደመረ ድምፅ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት አንድ ጽሑፍ በዋትሳፕ ስምንት ጊዜ ደረሰኝ። መጀመሪያ የላከችው እህቴ ናት፤ ቀጥሎ የሥራ ባልደረባዬ፤ ከዚያ የሰፈራችን ግሩፕ ደጋግሞ፤ በመጨረሻ አጎቴ። አጎቴ «አንብበህ ንገረኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» የሚል የድምፅ መልእክት አክለውበት ስለነበር ደውዬ አነበብኩላቸው። በየአንቀጹ «እውነቱን ነው!» እያሉ ስለሚያስቆሙኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ስጨርስ «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ። በስልክ የመለስኩላቸው አጭር ነበር፤ ረዘም ያለው ይኸው።

ጽሑፉ በእስራኤል የምንኖር ቤተ እስራኤላውያን በሚመጣው ብሒሮት (ምርጫ) ድምፃችንን ከትልልቆቹ ፓርቲዎች አንስተን አዲስ ለተቋቋመ አንድ ትንሽ ወግ አጥባቂ ፓርቲ እንድንሰጥ ይመክራል። የፓርቲውን ስም አልጠራም። ጠቤ ከፓርቲው ጋር አይደለም፤ ደግሞም ይህ ክርክር በየምርጫው ይመጣል፣ የሚለወጠው ስሙና የፖስተሩ ቀለም ነው። እኔም የቀኝ መራጭ እንደሆንኩ ከወዲሁ ይታወቅልኝ፤ «ግራ ዘመም ስለሆነ ነው» የሚል መልስ እንዳይመጣብኝ።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጠው። ትልልቆቹ ፓርቲዎች ድምፃችንን ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ገንዘብ ይቆጥሩታል፤ ትንሽ ፓርቲ ዘንድ ግን የእኛ ድምፅ ይከብዳል ይላሉ። የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ፓርቲውን አራት መቀመጫ እየሰጡት ስለሆነ መግባቱ አያጠራጥርም ይላሉ። በዚህ አገር መንግሥት የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም ትንሹ ነው፤ ናፍታሊ ቤኔት በሰባት መቀመጫ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ የለም ወይ ይላሉ። ፓርቲው ስለ እምነት፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ወግ የሚለው ከአባቶቻችን ሕይወት ጋር አንድ ነው ይላሉ። በመጨረሻም፣ ፓርቲው ሳይገባ ቢቀር እንኳ ድምፁ ለትልልቆቹ መልእክት ስለሚሆን አይባክንም ይላሉ። አምስት ነጥብ ነው። ጥሩ አማርኛ ይጽፋሉ፤ አጎቴን የያዛቸውም እሱ ይመስለኛል።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ግማሹን ስለምቀበለው። ትልልቆቹ እንደሚያቃልሉን ማስረጃ አያስፈልገኝም፣ ዓይኔ አይቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምርጫ ሰሞን ሰፈራችን ማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል) ውስጥ የአንድ ትልቅ ፓርቲ እጩ መጥቶ ነበር። «ሰላም ናችሁ» አለ በአማርኛ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ድፎ ዳቦ አስቆረሱት፤ ቡና ተፈላለት። አንዲት እናት ተነሥተው ስለ ቤታቸው ማሽካንታ (የቤት ብድር) ጠየቁ። ጥያቄው ወደ ዕብራይስጥ ተተርጉሞ ሳያልቅ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ሰዓቱን አሳየው፤ እጩውም «ስልካችሁን ለልጁ ስጡት» ብሎ ወጣ። ልጁ ስልካቸውን ጻፈ። እስከ ዛሬ የደወለ የለም።

ስለዚህ ምሬቱ የጋራችን ነው። የምለያየው መድኃኒቱ ላይ ነው። ጸሐፊው «በትንሽ ፓርቲ ውስጥ ድምፃችን ይከብዳል» ሲሉ አንድ ነገር ዘለዋል፤ ሁላችንም «አሁዝ ሐሲማ» የምንለውን፣ ማለትም 120 መቀመጫ ያለው ፓርላማችን ክኔሴት ለመግባት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ድምፅ። ይህ ወሰን እስከ 1992 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከመቶ 1 ብቻ ነበር። ከዚያ 1.5 ሆነ፣ ቀጥሎ 2፣ በ2014 ደግሞ 3.25 ደረሰ። የጸሐፊው ክርክር በ1988 ቢጻፍ ኖሮ ልክ ነበር። ያኔ አንድ ፓርቲ ከሃያ አምስት ሺህ ብዙም ባልዘለለ ድምፅ በሩን ይሻገር ነበር። በ2022 ግን በጠቅላላው ከ4.7 ሚሊዮን በላይ ትክክለኛ ድምፅ ስለተሰጠ ወሰኑ ወደ 155 ሺህ ድምፅ ሆነ።

አሁን እኛ ስንት ነን? በእስራኤል የኢትዮጵያ ተወላጆችና እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ተደምረው ከ170 ሺህ ጥቂት እንበልጣለን። በዚያ ቁጥር ውስጥ በአንቀልባ ያለ ሕፃን አለ፣ ስድስተኛ ክፍል የሚማር አለ፣ ለመምረጥ የሚያበቃውን አሥራ ስምንት ዓመት ገና ያልሞላ ሁሉ አለ። ልጁንም ሽማግሌውንም፣ የታመመውንም የተኮራረፈውንም አንድ ወረቀት አስይዘን ቃልፒ (ድምፅ መስጫ ጣቢያ) ብናሰልፍ እንኳ ወሰኑን የምናልፈው በአፍንጫችን ነው። እንግዲያውስ ይህ ፓርቲ ክኔሴት የሚገባው በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ሰዎች ከመረጡት ብቻ ነው። ከገባም በኋላ ፊቱን የሚያዞረው ወደ እነዚያ ነው። ድምፃችን እዚያም ጥቂት ነው፣ እዚህም ጥቂት ነው፤ ልዩነቱ እዚያ የገደል አፋፍ መኖሩ ነው።

ይህን ብቻችንን ሞክረነውም እናውቃለን። በ2006 በአብርሃም ነጉሴ የሚመራው «አቲድ ኤሐድ» ለምርጫ ቀርቦ 14 ሺህ ገደማ ድምፅ አገኘ፣ ከመቶ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ወሰኑ ያኔ 2 ነበር። ለዚያ ፓርቲ የመረጡ ዘመዶች አሉኝ፤ ዛሬም ቢሆን አይቆጩም፣ እኔም አልወቅሳቸውም። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ግን ለራሳቸው ለነጉሴ የታያቸው ይመስለኛል፤ በ2015 ክኔሴት የገቡት በትልቁ የቀኝ ፓርቲ፣ በሊኩድ ዝርዝር ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ጸሐፊው ባያነሡትም ለእርሳቸው የሚያግዝ አንድ ምሳሌ ላንሣ፣ ፍትሐዊ ልሁን። በ2013 የሽ አቲድ አዲስ ፓርቲ ነበር። ማንም ያልጠበቀውን 19 መቀመጫ አገኘ፤ ከእኛም ሁለት ሰው፣ ፕኒና ታማኖ ሻታንና ሺሞን ሰለሞንን፣ ክኔሴት አስገባ። አዲስ ፓርቲ አይጠቅምም የሚል ካለ ይህ አፉን ያዘጋዋል። ግን ልብ በሉ፤ ያ ፓርቲ አዲስ እንጂ ትንሽ አልነበረም። በ2015 ወደ 11 መቀመጫ ሲወርድ ሁለቱም ወደቁ። ፕኒና የተመለሱት በ2018 ከፓርቲያቸው አንድ አባል ሲለቅ በእግሩ ተተክተው ነው። አራት መቀመጫ አገኛለሁ የሚል ፓርቲ ውስጥ የእኛ ሰው ስንተኛ ላይ ነው? ጸሐፊው ስምንት ገጽ ጽፈው ይህችን ቁጥር አልጻፉም። «ለማኅበረሰባችን ቦታ አለው» ይላሉ። ስምንተኛም ቦታ ነው፣ ሠላሳኛም ቦታ ነው።

ስለ ሕዝብ አስተያየት ጥናቱ ብዙ አልልም። ቴሌቪዥን ላይ የምናየው ጥናት አብዛኛውን ጊዜ አምስት መቶ ገደማ ሰው ነው የሚጠይቀው። ከአምስት መቶ ሰው 3.25 ከመቶ ማለት አሥራ ስድስት ሰው ነው። አሥራ ሰባት ሰው ስልኩን አንሥቶ «እመርጠዋለሁ» ካለ ፓርቲው በስክሪኑ ላይ አራት መቀመጫ ይዞ ብቅ ይላል፤ አሥራ አምስት ካሉ ከወሰኑ በታች ይጻፋል። የእኛ እናቶች ደግሞ የማያውቁት ቁጥር ሲደውል አያነሡም። በሁለት ሰው ላይ የተንጠለጠለ «አያጠራጥርም» እኔ አላውቅም።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በሚያዝያ 2019 የሞሼ ፌይግሊን «ዜሁት» ፓርቲ ከምርጫው በፊት በነበሩት ሳምንታት በጥናቶቹ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቀመጫ ይሰጠው ነበር። ወጣቱ ሁሉ ስለ እሱ ያወራ ነበር። ሲቆጠር 118,031 ድምፅ አገኘ፣ 2.74 ከመቶ፤ ወደቀ። በዚያው ምርጫ ቤኔትና አየሌት ሻኬድ ከሃባይት ሃየሁዲ ወጥተው ያቋቋሙት «ሃያሚን ሄሐዳሽ» 138,598 ድምፅ አግኝቶ ወደቀ። የጎደለው 1,500 የማይሞላ ድምፅ ነበር። የትምህርት ሚኒስትርና የፍትሕ ሚኒስትር የሚመሩት ፓርቲ ማለት ነው እንግዲህ፤ ስማቸውን አገር ያውቀዋል። ቀደም ብሎ በ2015 የኤሊ ይሻይ «ያሐድ» 125 ሺህ ድምፅ ይዞ፣ 2.97 ከመቶ ላይ ቀረ። ሦስቱም ቀኝ ናቸው። ሦስቱም «ጥናቱ እንደምንገባ ያሳያል» ብለው ነበር የተወዳደሩት።

ያን የሚያዝያ ምሽት እኔ የቃልፒ ኮሚቴ አባል ሆኜ በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ነበርኩ፤ ግድግዳው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ተለጥፏል፣ ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሷል። በሩ ሲዘጋ ሣጥኑን ገለበጥን። አንዱ ፖስታውን ይከፍታል፣ ወረቀቱን አውጥቶ ፊደሉን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሁለት ሰዎች ይጽፋሉ። ጠረጴዛው ላይ ክምሮች ሠራን። ወፋፍራሞቹ መሐል ላይ፣ ቀጫጭኖቹ ዳር። ከቀጫጭኖቹ አንዱ ላይ አንድ ወረቀት ጎደለብን፤ የጻፍነው አሥራ አራት፣ የቆጠርነው አሥራ ሦስት። እኩለ ሌሊት አልፎ ለዚያች አንዲት ወረቀት ፖስታውን ሁሉ እንደገና አራገፍን። በመጨረሻ አንዱ ፖስታ ጥግ ላይ ተጣጥፋ ተገኘች። ደስ አለን፤ ክምሩን በላስቲክ አሰርን፣ አሥራ አራት ብለን ፈረምን። ከጥቂት ቀን በኋላ የዚያ ፓርቲ ድምፅ በሙሉ፣ ከነዚያች ወረቀት፣ ከመቀመጫ ስሌቱ ውጭ ሆነ።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ስመጣ፣ የጽሑፉ ልብ ይህ ነው፤ አጎቴም ይበልጥ የጮኹት እዚህ ላይ ነበር። ቤኔት በሰባት መቀመጫ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። እውነት ነው፣ ሰኔ 2021። የቤኔት ፓርቲ ያሚና በመጋቢት 2021 ምርጫ ሰባት መቀመጫ አግኝቶ፣ ስምንት ፓርቲዎች ባንድ ተሰብስበው፣ መንግሥቱ 60 ለ 59 በሆነ ድምፅ ጸደቀ። ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ሠርጉን ተርከው ትዳሩን ትተውታል።

ትዳሩ እንዲህ ነበር። ከያሚና ሰባት ሰዎች አንዱ፣ አሚሐይ ሺክሊ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። በሚያዝያ 2022 ኢዲት ሲልማን ጥምሩን ለቀቁ፤ መንግሥቱ ብልጫ አጣ። ሰኔ ላይ ኒር ኦርባህም ተከተሉ። በዓመቱ መንግሥቱ ፈረሰ። ቤኔት ለቀጣዩ ምርጫ አልቀረቡም። የተረፈውን ሻኬድ በሃባይት ሃየሁዲ ስም ይዘው ኅዳር 1 ቀን 2022 ቀረቡ፤ 1.19 ከመቶ። መራጩ ከሁለቱም ወገን ቅር ብሎት ነበር፤ አንዱ «ለምን ከግራና ከዓረብ ፓርቲ ጋር ገባችሁ» ይላል፣ ሌላው «ለምን አፈረሳችሁ» ይላል። ትንሽ ፓርቲ ቁልፍ ሲይዝ የሚደርስበት ይህ ነው፤ ሰባት ሰው ሰባት አቅጣጫ ሲጎተት የሚቀር ነገር የለም። ቁልፉን ለአንድ ዓመት ይዘው ፓርቲው ራሱ ጠፋ። እኛ የመረጥነው ቢሆን ኖሮ በ2022 ስለ ጎንደር ጥያቄ ማንን በስልክ እንጠራ ነበር?

ጎንደርን ካነሣሁ አይቀር፣ ኃይል ከትንሽ ፓርቲ ብቻ እንደማይመጣ የሚያሳየውን ነገር ልንገራችሁ፤ ይህ ከጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የጎደለ ነው። በኅዳር 2015 መንግሥት በጎንደርና በአዲስ አበባ እየጠበቁ ያሉ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጉ ወገኖቻችን እንዲመጡ ወሰነ። ውሳኔው ወረቀት ላይ ቀረ፤ በጀት የለም ተባለ። የናታንያሁ ጥምር መንግሥት ያኔ የነበረው 61 መቀመጫ ብቻ ነው። በ2016 አብርሃም ነጉሴና ዳቪድ አምሳለም፣ ሁለቱም የሊኩድ አባላት፣ «ይህ ካልተፈጸመ ከጥምሩ ጋር ድምፅ አንሰጥም» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ሕግ ማጽደቅ ችግር ሆነ። በሚያዝያ ስምምነት ተደረሰ፣ በጥቅምት የመጀመሪያዎቹ ቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ አረፉ። አምሳለም ጎንደር አልተወለዱም፣ የሞሮኮ ተወላጆች ልጅ ናቸው። ሁለት ሰው ከትልቅ ፓርቲ ውስጥ ሆነው ያንን ሠሩ። ሂሳቡ ከትንሽ ፓርቲ ሂሳብ ጋር አንድ ነው፣ 61 ሲቀነስ 2፤ ልዩነቱ እነዚህ ሁለቱ ለመግባት የወሰኑን ያህል ድምፅ ለራሳቸው መለመን አላስፈለጋቸውም።

ሌላም አለ። በታኅሣሥ 2020 «ጹር እስራኤል» በተባለው ዘመቻ ሁለት ሺህ ሰው መምጣት ሲጀምር የዓሊያ (ወደ እስራኤል የሚገቡ አይሁድ ጉዳይ) ሚኒስትሯ ፕኒና ታማኖ ሻታ ነበሩ፣ ከመሀል ዘመሙ ፓርቲ ከካሖል ላቫን። ቀኝ አይደሉም፤ እኔ አልመረጥኳቸውም። ግን ያን ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው ሲያለቅሱ አይቼ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት አልቻልኩም።

ጸሐፊው አሁን «ነጉሴን ሊኩድ መቼ ጠበቃቸው? በ2019 ክኔሴት አልተመለሱም!» ቢሉኝ መልስ የለኝም። ልክ ናቸው። ትልቅ ፓርቲ ሰውን በልቶ ይረሳል። እኔ የምለው ትልቁ ደግ ነው አይደለም፤ ትልቁ ቢያንስ በሩ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ወጉ። ጸሐፊው «ወግ አጥባቂ» የሚለውን ቃል ሲያዩ የአባታቸውን ነጭ ጋቢ፣ የሰንበትን ዳቦ፣ የሽማግሌ ዕርቅን አዩ። እኔም ቃሉን ስሰማ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ፖለቲካ «ሽማርኑት» (ወግ አጥባቂነት) ሲባል ሌላ ነገርም አብሮ ይመጣል፤ መንግሥት ይቀንስ፣ በጀት ይቆረጥ፣ ገበያው ይወስን የሚል። ዜሁት ይህን በግልጽ የጻፈ ፓርቲ ነበር፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ስለ አይሁድ ማንነትና ስለ ቤተ መቅደሱ ተራራ የሚናገረው ያው ፓርቲ፣ በሌላኛው ገጽ መንግሥት ከትምህርትና ከኢኮኖሚ እጁን እንዲሰበስብ ይጠይቅ ነበር፤ ካናቢስም ሕጋዊ እንዲሆን። ብዙ ወጣት የመረጠው ለዚያ ለመጨረሻው ነው ይባላል፤ አጎቴ ይህን ሲሰሙ «ምን? ሐሺሽ?» ብለው ስልኩ ላይ ዝም አሉ።

የመንግሥት እጅ ይሰብሰብ የሚለው ሐሳብ ለብዙ ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ አልከራከርም። የእኛን ሰፈር ግን እንየው። የማታ የጥናት እገዛ፣ የልጆች ማቆያ፣ የቀበሌ ቤት፣ ለማሽካንታ የሚሰጠው ድጎማ፣ እነዚህ ሁሉ የመንግሥት እጅ ናቸው። ስለዚህ «እሴታችን አንድ ነው» የሚለኝን ፓርቲ የምጠይቀው ስለ እሴት አይደለም፤ የበጀት ገጹን ነው። ጸሐፊው ከፓርቲው ፕሮግራም የጠቀሱልን የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው።

በእምነቱም በኩል ቢሆን ነገሩ እንደሚሉት ቀላል አይደለም። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላም በ1985 አባቶቻችን ከራቢነቱ ቢሮ ፊት ለፊት ኢየሩሳሌም ውስጥ ሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ፣ አይሁድነታቸውን ለማጽናት «በውሃ ተነከሩ» ስለተባሉ። ቄሶቻችን እስከ ዛሬ በራቢነቱ ዘንድ እንደ ራቢ አይታዩም። በ2018 ደግሞ አንድ የካሽሩት (የአይሁድ የምግብ ሕግ) አረጋጋጭ ድርጅት የኢትዮጵያ ተወላጆች የወይን ጠጁን እንዳይነኩ መጠየቁ ተሰማ፤ ያኔ የሴፋራድ ዋና ራቢ የነበሩት ይጽሐቅ ዮሴፍ ራሳቸው ዘረኝነት ነው ብለው ኮነኑት፣ ይህም ይመዝገብላቸው። እንግዲህ «እምነትን እናጠብቃለን» የሚል ፓርቲ ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ነው፦ የማንን ወግ? የቄሶቻችንንም ጭምር ነው ወይስ እነሱን ለማስተካከል ነው የምትመጡት? ፓርቲው መልካም መልስ ሊኖረው ይችላል። ጽሑፉ ውስጥ ግን ጥያቄውም የለም።

አምስተኛው፣ «ባይገባም መልእክት ነው» የሚለው፣ በጣም የሚያናድደኝ ነው፤ ይቅርታ ይደረግልኝና ከሌሎቹ ያነሰ ሥራ የተሠራበትም እሱ ነው። መልእክቱ ለማን ይደርሳል? ከወሰኑ በታች የቀረ ድምፅ ከስሌቱ ይወጣል፤ 120 መቀመጫው ለቀሩት ይከፋፈላል። ሁለት ፓርቲዎች የተረፋቸውን ድምፅ የሚጋሩበት ስምምነት እንኳ የሚሠራው በገቡት መሐል ብቻ ነው። ለፓርቲው ግን የሚቀርለት ነገር አለ፤ ከመቶ 1 ካለፈ ባይገባም የመንግሥት ገንዘብ ይደርሰዋል። የምርጫው ዕዳ ይከፈላል፣ የፖስተሩ ማተሚያ ቤት ገንዘቡን ያገኛል። መልእክት ያገኘ ካለ እሱ ነው።

በሚያዝያ 2019 የሆነውን እንደገና ልመልሳችሁ። ዜሁትና ሃያሚን ሄሐዳሽ ባንድ ላይ ከ256 ሺህ በላይ የቀኝ ድምፅ ይዘው ቀሩ። የሌላ ቀኝ ፓርቲ መሪ አቪግዶር ሊበርማን ጥምሩ ውስጥ አልገባም ሲሉ ናታንያሁ 60 መቀመጫ ላይ ቆሙ፤ አንዲት ጎደለች። ክኔሴቱ ተበተነ፣ አገሩ በመስከረም እንደገና ቃልፒ ሄደ። እንግዲህ ቀኝን ለማጠንከር ብሎ ለትንሽ ቀኝ የመረጠ ሰው ያገኘው መልእክት፣ ሌላ ምርጫ ነው። በዚያው ክረምት፣ በሁለቱ ምርጫ መሐል፣ ቅርያት ሐይም ላይ አንድ ወጣታችን በፖሊስ ጥይት ተገደለ፤ መንገድ ዘግተን ጮኽን። ያን ጊዜ ሥልጣን ያለው መንግሥት ያስፈልገን ነበር፤ የነበረው ግን ምርጫ የሚጠብቅ መንግሥት ነው። ፌይግሊን ራሳቸው ደግሞ ነሐሴ ማብቂያ ላይ ከናታንያሁ ጋር ተስማምተው፣ ሚኒስትርነት ቃል ተገብቶላቸው፣ ከውድድሩ ወጡ። ከመስከረሙም ምርጫ መንግሥት አልወጣምና ቃሉም አልተፈጸመም። 118 ሺህ ሰው ላከው የተባለው መልእክት በስድስት ወር ውስጥ እዚያ ደረሰ።

አንድ ነገር ግን ለትንሾቹ እሰጣለሁ። ሲተባበሩ ይገባሉ። በ2022 ሦስት የቀኝ ቡድኖች ባንድ ዝርዝር ቀርበው 14 መቀመጫ ወሰዱ፤ ሞሼ ሰለሞን በዚያ ዝርዝር ክኔሴት ገቡ፣ የእኛ ልጅ። የእነሱን ሁሉንም አቋም አልወድም፤ ሂሳቡን ግን አውቀውታል። ጸሐፊው ፓርቲያቸው ከሌላ ጋር ይጣመራል ብለው ቢጽፉ ኖሮ ይህ ምላሽ ግማሽ ይሆን ነበር።

ሌላም ምስጋና አለኝ። አጎቴ ዕብራይስጥ አያነቡም። በየምርጫው መጋረጃው ጀርባ ገብተው የሚያነሡት ሜም፣ ሔት፣ ላሜድ ያለበትን የሊኩድ ወረቀት ነው፣ ቅርጹን በልባቸው ስለያዙት። የዚህ አዲስ ፓርቲ ወጣቶች ቤታቸው መጥተው፣ ጫማ አውልቀው ገብተው፣ ፊደላቸውን በትልቁ ጽፈው በአማርኛ አስረድተዋቸዋል። ትልልቆቹ ይህን አድርገው አያውቁም። ወረቀቱ አሁንም ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፏል።

እኔ ለአጎቴ ያልኳቸው እንዲህ ነው። ልጆቹ ሲመለሱ ሦስት ነገር ይጠይቁልኝ፦ የእኛ ሰው ስንተኛ ቁጥር ላይ ነው፤ ከማን ጋር ትጣመራላችሁ፤ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ጥናቱ ከወሰኑ በታች ቢያሳያችሁ ትወጣላችሁ ወይስ ትቀጥላላችሁ። መልሱን በወረቀት ይጻፉልዎ፣ እኔ መጥቼ አነበዋለሁ። አጎቴም እሺ አሉ፤ ጥያቄዎቹን እንዳይረሱ በስልካቸው ድምፅ ቀረጽኩላቸው።

ትናንት ደወሉልኝ። ልጆቹ መጥተው ነበር፤ ቡና ጠጡ፣ ቅጂውን አሰሟቸው። ለሁለተኛው «እየተነጋገርን ነው» አሉ፤ ለሦስተኛው «አለቆቻችንን እንጠይቃለን» አሉ። ለመጀመሪያው ግን አንደኛው ልጅ እስክሪብቶ አውጥቶ ፍሪጁ ላይ ካለው ወረቀት ጀርባ ቁጥር ጻፈላቸው። አጎቴ ቁጥር ያነባሉ። «ዘጠኝ» አሉኝ።